ይድረስ ለክቡር ጂ ፕላስ

ይድረስ ለክቡር ጂ ፕላስ፣
በምድር ቤት ላይ ስንት ፎቅ እንደሚሠራ ለሚወስኑት፣
ባሉበት (ከፍ ያለ ቦታ እንደሚሆን አንጠራጠርም)፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? እኛ ከናፍቆትዎና ከሚያፈሰው ጣሪያችን በስተቀር ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ አዲስ አበባ፣ ከእናቴ ግቢ ሆኜ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ አንድ ሰርቪስ አለች። ጭቃዋ ረግፎ ማገሩ ይታያል። ክረምት በመጣ ቁጥር ሳፋና ባልዲ እንደረድርባታለን። እሷን አፍርሰን በፋብሪካ ተሠርቶ የሚመጣ ተገጣጣሚ ቤት ልንተክል አሰብን። ሁለት ክፍል፣ ሽንት ቤት፣ ጠበብ ያለች ኩሽና። ግድግዳው ሳንድዊች ፓነል (በሁለት ስስ ቆርቆሮ መካከል ፎም ያለው ሰሌዳ)፣ አጥንቱ ቀላል ብረት። ሻጩ «መሠረቱን አዘጋጁ እንጂ ቤቱን በሳምንት ውስጥ አስረክባለሁ» አለን። እናቴ የመጋረጃ ቀለም ሁሉ መርጣ ነበር።

ከዚያ እርስዎ መጡ።

አንድ ቢሮ ሄድን። ስሙን አልጠራም፤ እርስዎ ውለው የሚያድሩበት ስለሆነ ያውቁታል። ባለሙያው ፋይሉን ገለጥ ገለጥ አደረገ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ባለ ብዙ ቀለም ካርታ አየ። «እዚህ ቦታ ላይ ከጂ+4 በታች አይፈቀድም» አለ። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ማነው እሱ?» አለችኝ። ምድር ቤትና በላዩ አራት ፎቅ ማለት እንደሆነ አስረዳኋት። ትንሽ አሰብ አድርጋ «አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ምን ልሠራ? በርበሬ ላሰጣ?» አለች። ልጁ ሳቀ። ጨዋ ልጅ ነው፣ እሱን አልቀየምም። «ምን ላድርግ እማማ፣ ፕላኑ ነው» አላት።

ክቡርነትዎ፣ እርስዎ ያለ ምክንያት አልተፈጠሩም። ከተማው ወደ ጎን በተለጠጠ ቁጥር የገበሬ ማሳ ይበላል። መንገዱ፣ የውሃ መስመሩ፣ የመብራት ፖሉ ሁሉ ይረዝማል። ሰው ተጠጋግቶ ቢኖር ይሻላል። እዚህ ድረስ አብረን ነን። ግን መጠጋጋትን ከቁመት ጋር ማን አጋባው? የድሮዎቹ የፒያሳና የመርካቶ ሰፈሮች አብዛኛው ቤታቸው ምድር ላይ ነበር። የሰው ብዛቱ ግን አንዱ ቤት ሽሮ ሲያቁላላ ሌላው ቤት የሚያስነጥስ ያህል ነበር። ሰፈሮቹ የጎደላቸው ሽንት ቤትና የውሃ ቧንቧ እንጂ ጎረቤት አልነበረም።

እስቲ የሥራዎን ፍሬ በዓይንዎ ይዩት። በየሰፈሩ የጂ+4 ፈቃድ የወጣበት ቤት አለ። ምድሩ አልቆ ሰው ይኖርበታል። በላዩ አምዶች ብቻ ቆመዋል። ፌሮው ሰማይ ሰማይ እያየ ዝጓል፤ ጫፉ ላይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍቶበታል። የባህር ዛፍ መወጣጫው ከመቆየቱ ብዛት እርግብ ይራባበታል። ባለቤቱ ለአንድ ፎቅ የሚሆን ገንዘብ ነበረው። እርስዎን ለማስደሰት ሲል መሠረቱንና አምዱን ለአራት ፎቅ አደለበው፤ ብሩ እዚያው አለቀ። ወረቀት ላይ ጂ+4 ነው። በተግባር ጂ+0 ነው፣ ፕላስ ፌሮ።

ይሄን የመሰለ ሰው ነበር ተገጣጣሚ ቤት የሚያስፈልገው። ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ፣ ቶሎ የሚያልቅ፣ ሲሚንቶ ተወደደ ተብሎ በመሀል የማይቆም።

ደግሞ አገራችን ለነገሩ አዲስ አይደለችም። በደርግ ጊዜ የዩጎዝላቪያ ቴክኖሎጂ መጥቶ የሕንፃ አካላት በፋብሪካ ይመረቱ ነበር። ኮንዶሚኒየም ሲጀመርም ቢሙ ተዘጋጅቶ ይመጣ ነበር፤ የውስጥ ግድግዳው አግሮስቶን የሚባል የፋብሪካ ሰሌዳ ነበር። አግሮስቶንን የኖረበት ያውቀዋል። የሰርግ ፎቶ ልስቀል ብለህ ሚስማር ስትመታ ሚስማሩም ፎቶውም ግድግዳውም ተያይዘው ይመጣሉ። የሆነው ሆኖ በፋብሪካ የተሠራ ግድግዳ በብዙ ሺህ ቤት ገብቷል። በዚያ ሁሉ ውስጥ ግን እርስዎ አልቀሩም። አብዛኞቹ የ20/80 (20 በመቶው በቁጠባ፣ 80ው በብድር) ሕንፃዎች ጂ+4 ሆኑ፤ ሊፍት የላቸውም፤ ውሃው ላይ ድረስ የሚወጣው ሲፈልግ ነው። ለፋሲካ በግ እየጎተተ አራተኛ ፎቅ የወጣ አባወራ ስለ እርስዎ የሚናገረውን እዚህ መጻፍ ነውር ነው። በዚያ ላይ በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቦ እስከ ዛሬ የሚቆጥብ ሰው አለ። እሱ በጉንም ደረጃውንም በናፍቆት ነው የሚያስበው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የመንገድ ተቋራጮችን ካምፕ አይተው ያውቃሉ? ነጭ ግድግዳ፣ ሰማያዊ ጣሪያ፣ ሁሉም ተገጣጣሚ። ዛሬ ባዶ ሜዳ የነበረው በአጭር ጊዜ መኝታ ቤት፣ ቢሮና ምግብ ቤት ይሆናል። እዚያ ሲደርሱ ምነው ድምፅዎ ጠፋ? «ጊዜያዊ ነው» ስለተባለ አይደል? ጊዜያዊው መንገዱ እስኪያልቅ ዓመታት ይቆማል። የእናቴ ሰርቪስም ከእኔ በፊት ጀምሮ ጊዜያዊ ናት።

የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ ሕንፃዎችን በሦስት ሲመድብ እንደኛ ላለው ዝቅ ያለ መኖሪያ ቤት ምድብ «ሀ»ን ሰጥቶ ነበር። ሕጉ ያወቃትን ቤት ባለቀለሙ ካርታ አላወቃትም። ካርታ ከሩቅ ሲሳል እንዲህ ነው። ሌ ኮርቡዚዬ የተባለው ዝነኛ አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1936 አዲስ አበባን ሳይረግጣት ለሙሶሊኒ ፕላን ነድፎላት ነበር። ንድፉ የነበሩትን ሰፈሮች ከነመኖራቸውም አልቆጠራቸውም። ደግነቱ ወረቀት ላይ ቀረ። የእርስዎ ግን ወረቀት ላይ አይቀርም፤ ይኸው እኛ ግቢ ደርሷል።

ፈጣን ቤት ካማረዎት ደግሞ አንድ አለ። ጨረቃ ቤት ይባላል። እንጨቱ ቀድሞ ተቆርጦ፣ ቆርቆሮው ቀድሞ ተለክቶ ይጠብቃል። ጨረቃ ስትወጣ ይቆማል። ሲነጋ በሩ ላይ መጋረጃ ተሰቅሎ፣ ጀበና ተጥዶ፣ ልጅ እያለቀሰ ያገኙታል። በአገራችን ከእሱ የፈጠነ ተገጣጣሚ ቤት አላየሁም። በሕጋዊው በር ፈቃድ ለማውጣት ወረቀት ሲያመላልስ የከረመ ሰው በጨረቃው በር ቢገባ ምን ይገርማል? ከዚያ ደግሞ ሕጋዊ ይሁን ወይ ይፍረስ የሚወሰነው ከአውሮፕላን በተነሳ ፎቶ ነው። «በ1997ቱ ፎቶ ላይ ጣሪያህ ይታያል?» ይባላል። ፎቶው በተነሳ ማግስት ቆርቆሮ የመታ ሰው ዕድሜ ልኩን ያንን አውሮፕላን ይረግማል።

የገንዘቡን ነገር ባጭሩ ላንሳው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ተጽፏል። ለመኖሪያ የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ስለዚህ ሰው ጥሩ ሰፈር ላይ የቆመች ፍራሽ ቆርቆሮ ቤት በሚሊዮኖች ሲገዛ ቤቷን ወዶ አይደለም፤ ቦታዋንና እዚያ ላይ እርስዎ የፈቀዱትን ቁመት ነው የሚገዛው። ፋብሪካ የቤቱን ዋጋ ሊቀንስ ይችላል። የእርስዎን ዋጋ የሚቀንስ ፋብሪካ ግን እስካሁን አልተተከለም።

ለማጽናኛ ያህል፣ አሜሪካም ዘመድ አለዎት። የእሱ ጠባይ የተገላቢጦሽ ነው። እርስዎ «ከዚህ በታች አትሥራ» ይላሉ፤ እሱ «ከአንድ ቤተሰብ ቤት በላይ አትሥራ» ይላል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2021 ሕግ አውጥታ፣ በብዙ ቦታ በአንድ ቤት ይዞታ ላይ ሁለት ቤት እንዲፈቀድ እስክታደርግ ድረስ ብዙ ተሟግታለች። በፋብሪካ ለሚሠሩት ቤቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የፌዴራል ደንብ አለ። ቤቱ አንዴ ተተክሎ ንቅንቅ ባይልም እንኳ ከሥሩ እንደ መኪና የብረት ቻሲስ ይኑረው ብለው አዘው ኖረዋል። እርስዎ ለማይሠራ ፎቅ አምድ ያስቆማሉ፤ እነሱ ለማይሄድ ቤት ቻሲስ። የአንድ አያት ልጆች መሆናችሁ ያስታውቃል።

ጃፓንን ያየን እንደሆነ የመሬት አጠቃቀም ምድቦቹ ለመላ አገሩ አንድ ናቸው። ፋብሪካው ለአንዱ ከተማ የሠራውን ቤት ለሌላውም ይሸጣል። እኛ ጋ ሻጩ ቤቱን ከመጫኑ በፊት «ቦታው ላይ ስንት ፕላስ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ሲሰማ «ካርታው ሲቀየር ደውሉልኝ» ብሎ ይሄዳል።

እንግዲህ ልመናችን ይህ ነው። ዛሬ ጂ+0 ይፍቀዱልን። መሠረቱን ጠንከር አድርገን ለሁለት ፎቅ እናወጣዋለን፤ መሐንዲስም ይፈርምበት። ልጆች ሲያገቡ፣ እቁብ ሲደርሰን፣ ዱባይ ያለችው እህቴ ስትልክልን፣ አንድ አንድ ፕላስ ከላይ እንገጥማለን። ተገጣጣሚ ነውና ይገጠማል። በአንድ ጊዜ አራት ካሉን ግን እኛም አምድ አቁመን ፌሮ ከሚያሳድጉት ተርታ እንሰለፋለን።

አክባሪዎ፣
ከምድር ቤት

ግልባጭ፦
ለክቡር የውሃ ግፊት፤ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ስለማይገኙ ታች በር ላይ የተሰጠ
ለክቡር ሊፍት፤ አድራሻቸው ስላልተገኘ በደረጃ የተላከ