የመስታወት ዙሪያ ላይ ሲሊኮን መለቅለቅ ይብቃ!

ጎበዝ፣ ዛሬ የሆዴን ልተንፍስ። የድሮ ጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ውሃ ገባ በተባለ ቁጥር አንድ ሰው ሲሊኮን ይዞ ከተፍ ይላል። የፊት መስታወቱን ዙሪያ በጣቱ ለቅልቆ «አለቀ» ብሎ ይሄዳል። ጥቂት ዝናብ ያሳልፋል፤ ከዚያ ውሃው በሌላ በኩል መንገድ ያገኛል፣ አሁንም ሲሊኮን ይደረብበታል። በመጨረሻ መስታወቱን ዙሪያውን ይዞ ላሜራው ላይ የሚያስቀምጠው ጎማ ሲነሳ ከሥር ያለው ላሜራ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ይሄ ነው ደሜን የሚያፈላው፤ ስንት ዘመን የኖረ ጋቢና በማሸጊያ ይበላል!

ያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ተራ ሲሊኮን ሲደርቅ የሚለቀው አሴቲክ አሲድ ነው። ቀለሙ የተላጠ ብረት ላይ ሲያርፍ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ያረጀ ጎማ ላይ ደግሞ በደንብ አይዝም፤ ጠርዙ ትንሽ ሲላቀቅ ውሃው ሥሩ ይገባና መውጫ ያጣል። በኋላ ቀለም እንቀባ ሲባል ሲሊኮን የነካው ቦታ ቀለም አይቀበልም፤ ቀለሙ እየሸሸ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሠራል። ተፍቆ፣ በሲሊኮን ማስለቀቂያ ታጥቦ፣ እንደገና ተፍቆ ነው የሚለቀው።

ለመሆኑ የሚያፈሰው መስታወቱ ነው ወይ? ዳሽቦርድ ሥር የተገኘ ውሃ ሁሉ በመስታወት የገባ አይደለም። የዝናብ መጥረጊያው ዘንግ የሚያልፍበት ጎማ፣ ከመስታወቱ በታች ያለው የአየር ማስገቢያ፣ ከላይ የጣሪያው መጋጠሚያ፣ ሁሉም ውሃ ያሳልፋሉ። አንድ ሰው ጋቢና ውስጥ ባትሪ ይዞ ይቀመጥ፤ ሌላው በቀስታ የሚወርድ ውሃ ከታች ጀምሮ ትንሽ በትንሽ ወደ ላይ ያንሳ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ቦታ አርሶ ስለሚወርድ መግቢያው አይለይም።

መስታወቱ ከሆነ ግን ጎማውን ለማዳን አትሞክሩ። የደረቀ ጎማ ተመልሶ አይሠራም፤ ለሱ ሲታገሉ የሚሰበረው መስታወቱ ነው። የዝናብ መጥረጊያውን ክንዶችና ጎማው ላይ ያለውን የክሮም ጌጥ አንሱ፣ የጎማውን የውጭ ከንፈር በስለታም ቢላ ዙሪያውን ቁረጡ፣ ከዚያ ከውስጥ በሁለት መዳፍ ከላይኛው ጥግ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ግፉት። ውጭ የሚቀበል ሰው ይኑር። ጓንትና መነጽር አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ጎማው የሚነክሰው የላሜራ ጠርዝ። ይሄ ጠርዝ ሁለት ላሜራ ተደርቦ በነጥብ ብየዳ የተያያዘ ነው። ውሃ የሚያቁረው ታችኞቹ ሁለት ጥጎች ላይ ስለሆነ ዝገቱም እዚያው በሁለቱ ላሜራ መሀል ይጀምራል፤ እያበጠ ይከፍታቸዋል። ታዲያ ብዙ ቦታ ምን ይደረጋል? ስቱኮ ይሞላበታል! ስቱኮ እኮ ጎማው ሲገባ የሚደርስበትን ጫና አይችልም፤ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይይዛል። አንዳንዱ ደግሞ በበሰበሰው ላይ አዲስ ላሜራ ደርቦ ይበይዳል። ጠርዙ ይወፍራል፣ የጎማው ቦይ አልገባ ይላል፤ በግድ ሲገባም ጥጉ ላይ መስታወቱን ይገፋዋል። ገና ሳይነዳ ከጥግ የተሰነጠቀ አዲስ መስታወት ካያችሁ መጀመሪያ ይሄንን ጠርጥሩ።

ትክክለኛው መንገድ የበሰበሰውን ቆርጦ ማውጣት፣ በዚያው ውፍረት ላሜራ መተካት፣ የብየዳውን ጉብታ በፍሌክስ ማስተካከል ነው። ከዚያ ኢፖክሲ አንቲረስት፣ ከዚያ ቀለም። ቀለሙ በደንብ እስኪጠነክር ቀናት ይሰጠው፤ በኋላ ጎማውን ለማስገባት ለስላሳ ቀለም ላይ ሲባጎ ሲሳብ እስከ ብረቱ ይልጠዋል፣ ዝገቱም እንደገና ከዚያች ጭረት ይነሳል። እዚህ የተቻኮለ ሰው የቀረውን ሥራ ሁሉ በከንቱ ነው የሚለፋው።

ስለ ዕቃ ሻጮች ደግሞ ልናገር። የመኪናውን ስም ብቻ ጠይቆ «ይሆናል» ማለት ምን ማለት ነው? ዓመቱስ? ሸቭሮሌ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1947 ጀምሮ ያወጣው ጭነት መኪና የፊት መስታወቱ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ 1954 ላይ ወጥ ሆነ። ፎርድ ኤፍ-100 ደግሞ 1956 ላይ ወደ ጎን የሚታጠፍ መስታወት አመጣ፤ የ1955ቱ ጎማ ለሱ አይሆንም። የመስታወት ውፍረትም አለ፦ ለ6 ሚሊ ሜትር የተሠራ ቦይ ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር መስታወት ቢገባ ከንፈሩ አይጨብጥም፣ ያፈሳል። ውፍረቱን የዕቃው መጠቅለያ ላይ መጻፍ ምን ያህል ከባድ ነው? ሳትከፍሉ በፊት በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለኩ። መስታወቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ከድርብ መስታወት (ሁለት መስታወት መሀሉ ፕላስቲክ ገብቶ የተጣበቀ) በልክ ይቆረጣል፤ የታጠፈ ከሆነ የተሠራውን ከመግዛት ሌላ አማራጭ የለም። ለፊት ድርብ ያልሆነ መስታወት በጭራሽ አትቀበሉ።

መስታወቱ ሲመጣ መጀመሪያ ያለ ጎማ ክፍተቱ ላይ አስጠግታችሁ ዙሪያው እኩል መሆኑን እዩ። ጎማው በሜትር የሚሸጥ ከሆነ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር አስረዝማችሁ ቁረጡ፤ እየቆየ ያጥራልና። መጋጠሚያውን ውሃ ከሚተኛበት ታች ይልቅ ላይ መሀል አድርጉት። ጎማውን ፀሐይ ላይ ወይም ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አለስልሱት።

ጎማውን መስታወቱ ላይ አልብሱ። ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ለስላሳ ናይለን ሲባጎ፣ ርዝመቱ ከዙሪያው 60 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ፣ ላሜራውን በሚነክሰው ቦይ ውስጥ ዙሪያውን አስገቡ። ሁለቱ ጫፎች ታች መሀል ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተላለፉ። ማለስለሻው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውሃ ነው። ግራሶ ወይም የሞተር ዘይት የምትቀቡ ሰዎች እባካችሁ ተዉ! ጎማውን አሳብጦ ያበላሸዋል።

አንዱ ከውጭ መስታወቱን መሀል አስይዞ ታች በኩል ይጫን፤ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ወደ መስታወቱ መሀል አቅጣጫ ይሳብ። ከንፈሩ እየተገለበጠ ላሜራውን ሲያልፍ በዓይን ይታያል። መጀመሪያ ታችኛው፣ ቀጥሎ ከግራም ከቀኝም ትንሽ ትንሽ እያሉ ወደ ላይ፣ መጨረሻ ላይኛው። የውጭው ሰው መዳፍ ሁልጊዜ ሲባጎው በደረሰበት ትይዩ ይሁን። ጥግ ላይ ከተያዘ ሳሙና ጨምሩ፣ ጠብቁ፣ እንደገና ጫኑ። በቡጢ መምታት፣ በካቻቢቴ መፈልቀቅ የለም፤ ድርብ መስታወት ጠርዙ ላይ አንዲት ጭረት ካገኘ እስከ መሀል ይሄዳል።

ክሮሙ ወይም መቆለፊያ ጎማው (ዋናውን ጎማ የሚያጠብቀው ቀጭን ጎማ) የሚገባው መስታወቱ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው። ማሸጊያ የግድ ካስፈለገ የማይደርቀውን ለመስታወት ጎማ የተሠራውን ዓይነት፣ የሳሙናው ውሃ ከደረቀ በኋላ፣ የውጭውን ከንፈር በፕላስቲክ ነገር አንስታችሁ በቀጭኑ አስገቡ። የውሃ ፈተናውን ከታች ወደ ላይ ድገሙት። ደረቅ ሆኖ ቢገኝም ዳሽቦርዱን ከመግጠማችሁ በፊት መኪናው ወጣ ገባ መንገድ ላይ ይነዳና እንደገና በውሃ ይፈተሽ፤ ጋቢናው ሲወላገድ የሚላቀቅ ጥግ ካለ የሚታወቀው ያኔ ነው።