ተራራ ለሚጠቁሙ አለቆቻችን

የማዕድን ዘርፉ ድጋፍ አጣ የሚል ሰው ዜና አያይም ማለት ነው። በየሳምንቱ ይደገፋል እኮ! አንድ አለቃ አዲስ ሄልሜት ይደፋሉ፤ አንጸባራቂ ሰደርያ ይደርባሉ፤ ከላንድክሩዘር ይወርዱና ጣታቸውን ወደ ተራራው ይቀስራሉ። ከኋላ የቆሙት ሁሉ ተራራውን ቀና ብለው ያያሉ። ካሜራ ይነሳል። ማታ ላይ ክልሉ ከፍተኛ የማዕድን ክምችት እንዳለው እንሰማለን።

እስቲ ክምችት የሌለው ክልል ካለ ንገሩኝ። ዞኑም አለው፣ ወረዳውም አለው። የማዕድን ቢሮ ኮሪደር ላይ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ፤ አቧራው ብቻ ይጠረግለት።

ጣት ከቁፋሮ እንደሚሻል የገባቸው አለቆቻችን መመስገን አለባቸው። ቁፋሮ ማሽን ይፈልጋል፣ ነዳጅ ይፈልጋል፣ መንገድ ይፈልጋል። ናሙናው ላቦራቶሪ ይሄዳል፣ ወራት ይፈጃል። ያ ሁሉ ብር ወጥቶ «እዚህ ምንም የለም» ሊባልም ይችላል። ጣት እንዲህ ያለ መርዶ አምጥቶ አያውቅም።

ትዕግሥታቸውም ይደንቀኛል። ከመቶ ዓመት በፊት ጣሊያኖች አፋር ዳሎል ላይ ፖታሽ የሚባለውን የማዳበሪያ ማዕድን እያወጡ በባቡር ወደ ቀይ ባሕር ያወርዱ ነበር። የቸኮሉ ሰዎች! እኛ ረጋ ብለናል። አይሲኤል የሚባል የእስራኤል ኩባንያ ፖታሹን ብሎ መጣ፤ በታክስ ክርክርና በመሠረተ ልማት እጦት ተማሮ በ2009 ሄደ። ፖታሹ ግን የትም አልሄደም፣ ይመስገነው። ማዳበሪያውን እንደሆነ በመርከብ ጅቡቲ ድረስ ያመጡልናል። ኢሉባቦር ያዩ ላይም ከድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ ሊያመርት የተጀመረ ፋብሪካ ነበረን፤ የወታደሩ ኮርፖሬሽን ሜቴክ ይዞት ቢሊዮኖች በልቶ ሳያልቅ ቀረ። ወለጋ ያለው የቱሉ ካፒ ወርቅ ፈቃድ የተሰጠው በ2007 ነው። ከዚያ በኋላ ስንት «በቅርቡ» እንደሰማን እንተወው።

ወርቁን ግን ለብቻው ላመስግን። በ2016 በጀት ዓመት ብሔራዊ ባንክ የደረሰው 4 ቶን ገደማ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ከ35 ቶን አለፈ። ተራራው በአንድ ዓመት እንዲህ የወለደው በጉብኝት ብዛት ካልሆነ በምን ይሆናል? ምቀኞች ሌላ ያወራሉ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል ኮንትሮባንዱ እንደ ድሮው አላዋጣ ብሎ ነው ወርቁ ወደ ባንክ የዞረው ይላሉ። ድሮም ይቆፈር ነበር፣ የሚወጣበት በር ነው የተለወጠው ይላሉ። እኔ አላምንም። ሄልሜት ሳይደፋ ወርቅ የት ታይቶ!

ደግሞ አብዛኛውን የሚያወጡት ባህላዊ አምራቾች ናቸው እየተባለ ይነገራል። ልክ ነው፤ ቤኒሻንጉል ሂዱ፣ ጉጂ ሂዱ፣ ጋምቤላ ሂዱ። ዶማና አካፋ ይዘው፣ በገመድ ተንጠልጥለው ጉድጓድ የሚወርዱ ልጆች አሉ። ወሎ ደላንታም ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ የሚፈለፍሉት ገደል ላይ ነው። ሄልሜት የላቸውም። ለምን ይኖራቸዋል? የሥራ ክፍፍል ነው፤ ድንጋዩ የሚወድቀው እነሱ ላይ፣ ካሜራው የሚወድቀው አለቆቹ ላይ።

ተረሱ እንዳትሉ ደግሞ። ተደራጁ ተባሉ፣ ተደራጁ። ሥልጠና ተሰጣቸው፣ ባነር ፊት ቆመው ፎቶ ተነሱ። የውኃ ፓምፑና መንገዱ በቀጣዩ በጀት ተይዟል፤ ቀጣዩ በጀት የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነገረኝነት ነው። የቀረቻቸው አንዲት የፈቃድ እድሳት ናት። ለእሷ ብለው ከገጠር በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ዞን ይመጣሉ። ቢሮው ዝግ ነው። ጸሐፊዋ ትሁት ናት፤ አትቆጣም።

«ኃላፊው የሉም» ትላቸዋለች። «ማዕድን ሊደግፉ መስክ ወጥተዋል።»