ስልኩ ጓንት ያጠልቃል?

ባለፈው ሳምንት አንድ የቴሌቪዥን እንግዳ የማህፀን በር ጫፍ ካንሰርን በስልክ ካሜራ ቀድሞ ስለማግኘት ሲያብራሩ ሰማሁ። ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የተጫነበት ስልክ ፎቶ ያነሳል፣ ቅድመ ካንሰር፣ ማለትም ካልታከመ ወደ ካንሰር ሊያድግ የሚችል የሥጋ ለውጥ፣ መኖር አለመኖሩን በሰከንዶች ይናገራል። እስከዚህ ጥሩ። ቀጥለው ግን "ከእንግዲህ ለዚህ ሥራ ነርስ ማሠልጠን አያስፈልግም" አሉና ቁጭ። አዘጋጁም ራሱን ነቀነቀላቸው።

ለመሆኑ ስልኩ ጓንት ያጠልቃል? የማህፀን በር እንዲታይ የሚከፍተውን መሣሪያ፣ ስፔኩለሙን ያስገባል? አቼቶውን በጥጥ ነክሮ ይቀባል? ምርመራው እኮ ይኸው ነው። የቀጠነ አሴቲክ አሲድ ይቀባል፣ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፣ የተለወጠው ሥጋ ነጭ ይሆናል። አልጋው ላይ ተጨንቃ እግሯን ማላላት ያቃታትን ሴት "አይዞሽ የኔ እናት፣ በረጅሙ ተንፍሺ" የሚላት የትኛው አፕ ነው? ፎቶው በማን ስልክ ውስጥ እንደሚያድርም አልነገሩን።

"91 በመቶ" የምትል ቁጥርም ጣል አድርገዋል። የመጣችው የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ ካወጡት ጥናት ነው። ፎቶዎቹ ከ9 ሺህ በላይ የኮስታ ሪካ ሴቶች ናቸው፤ የተነሱትም በ1990ዎቹ፣ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ፣ ፊልም በሚጎርስ የፎቶ ካሜራ። ቁጥሯም "ከመቶው 91ዱን በትክክል ይለያል" ማለት አይደለችም፤ ለውጥ ያለባትና የሌለባት ሴት ፎቶ ጎን ለጎን ቢቀርብለት ያለባትን ምን ያህል ጊዜ እንደሚመርጥ የምትለካ ናት። በዚያ ካሜራ የሠለጠነው ፕሮግራም ወደ ስልክ ፎቶ ሲመጣ እንደሚቸገር ደግሞ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በኋላ ጽፈዋል። እንግዳችን ይቺን ገጽ ዘለዋት መሰለኝ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እህቴን ይዤ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ያለ ምንም ኤአይ፣ በመብራት አይታ ነጩን ቦታ አገኘችው። ማከሚያው እዚያው ክፍል ጥግ ላይ ቆሟል፤ ክራዮቴራፒ ይሉታል፣ የተለወጠውን ሥጋ በጋዝ አቀዝቅዞ የሚያጠፋው። ሲሊንደሩ ባዶ ነው። ላዩ ላይ ፎጣ ተሰጥቶበታል። "ጋዝ አልመጣም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ በሉ" ተባልን። ብቅ አልን። የለም። ደግመን ሄድን። አሁንም የለም።

እህቴ ከተማ ነው የምትኖረው። ታክሲ አለ፣ የምነዘንዛት እኔ አለሁ። ልጅ አዝላ፣ ግማሽ ቀን በእግሯ የመጣችዋስ? እሷ ሁለተኛ አትመለስም። ነጩን ቦታዋን ይዛ ትሄዳለች። ከዓመታት በኋላ ትመጣ ይሆናል፤ ያኔ ደም እየፈሰሳት ነው፣ ወረፋውም የጨረር ሕክምና ነው። ታዲያ ስልኩ ለዚህች ሴት ምን ይሠራላታል? "ጋዝ የለም" የሚለውን መልስ ቶሎ ትሰማለች፣ ሌላ ምን!

ፎቶው ለነርሷ ሁለተኛ ዓይን ሊሆናት ይችላል፤ ይህን አልክድም። አንዱን ነጭ ቦታ ሁለት ባለሙያ አይተው ሊለያዩ ይችላሉና። ግን ቅድሚያው የእሱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ ይቅደም ያለው ይህን ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ፣ ኤችፒቪን፣ በዘረመሉ የሚፈልገውን ምርመራ ነው፤ ናሙናውን ሴትየዋ ራሷ መውሰድ ትችላለች። ጋዝ የማይፈልግ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ በእጅ የሚያዝ የሙቀት ማከሚያም አለ። በጀት ከተገኘ እሱ ይገዛ። 90-70-90 እያልን የምንዘምራት የ2030 እ.ኤ.አ ግብ እኮ 90 በመቶ ልጃገረዶች ይከተቡ፣ 70 በመቶ ሴቶች ይመርመሩ፣ ችግር ከተገኘባቸው 90 በመቶው ይታከሙ ማለት ናት፤ የመጨረሻዋ 90 ሕክምና ናት። ስለ እሷ ግን በቴሌቪዥን ማንም አይጠየቅም። ባዶ ሲሊንደር ለካሜራ አያምርማ!

እህቴ በአራተኛው ቀጠሮዋ ታከመች። ፎጣውን አንስታ፣ ጋዙን ፈትሻ፣ "ነይ ውጪ አልጋው ላይ" ያለቻት ያቺው ነርስ ናት።