ጠዋት አልነሳ ያለ መኪና ሁሉ ባትሪ አይፈልግም

«ጠዋት መኪናህ አስቸግሮ ከተነሳ ባትሪው ሞቷል፣ ቀይረው» የሚል ምክር ሲደጋገም አያለሁ። አንዳንዴ ልክ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ቁልፉን ስታዞሩ ድምፁን ስሙ። ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሹ ሞተር) እየደከመ ካዞረ ወይም ቀጭ ብሎ ብቻ ከቀረ፣ ባትሪውን ወይም የባትሪውን ራስ (ገመዱ የሚታሰርበትን) መጠርጠር ተገቢ ነው። በጉልበት እያዞረ ሞተሩ ለመያዝ ከዘገየ ግን ባትሪው ሥራውን እየሠራ ነው።

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ለኩት። ሞልቶ ያደረ ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ገደማ ያሳያል። መኪናው ሲነሳ ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል። መለኪያ ከሌላችሁ የሰፈራችሁ ኤሌክትሪሺያን አያጣም።

መኪናው የቤንዚን ኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በኢንጀክተር የሚረጭ) ከሆነ ደግሞ ይህን ሞክሩ። ሳታስነሱ ቁልፉን ከፍታችሁ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ መልሳችሁ ዝጉ። ቁልፉ በተከፈተ ቁጥር ፓምፑ ቤንዚን ይገፋል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ደጋግማችሁ አስነሱ። ወዲያው ከተነሳ፣ ሌሊቱን የቤንዚን ግፊት እየወረደ ሳይሆን አይቀርም። ፓምፑና ኢንጀክተሮቹ ይታዩ።

እኔ ይህን ሳላውቅ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። በማግስቱ ጠዋት ያው ጣጣ! ብሩ ግን ሄዷል።