ልጅቷን ለማን ነው የሰጣችኋት?

የሰሜን ሸዋ ወገኖቼ፣ በግ ስንገዛ ጥርሱን አይተን፣ ላቱን ዳብሰን፣ ከማን ቤት እንደወጣ ጠይቀን ነው። ልጅ ለዘመድ ስንሰጥ ግን «እዚያ ትማራለች» የምትል አንዲት ቃል ትበቃናለች።

መንዝም ሆነ መርሐቤቴ ነገሩ ያው ነው። አዲስ አበባ የምትኖር አክስት ለፋሲካ ትመጣለች። ስትመለስ የአሥር ዓመት ልጅ አስከትላ ነው። እናት ቆሎ ቋጥራ ትሸኛለች። አዲስ አበባ መናኸሪያ ከወረዱ በኋላ ያለውን ማን አየ? ልጅቷ ጠዋት ሕፃን ታዝላለች፣ ቀን ልብስ ታጥባለች፣ ማታ ከሁሉም ኋላ ትተኛለች። ትምህርቱ «ለመስከረም» እየተባለ ይገፋል። ስልክ ስትደውሉ በስፒከር ነው፤ አክስት አጠገቧ ቆማለች። «ደህና ነኝ» ትላለች። እናንተም «ተመስገን» ብላችሁ ትዘጋላችሁ።

ዘመድ ሁሉ ክፉ ነው አልወጣኝም። ወስዶ አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ ያበቃ ሞልቷል። ሳትጠይቁ ግን በምን ትለያላችሁ?

ወላጅ ሲሞትማ ይብሳል። ድንኳኑ ሳይነቀል ልጆቹ ይከፋፈላሉ፤ ወንዱ ለእረኝነት፣ ሴቷ ለውሃ መቅጃ። ለመሬቱ ሽማግሌ ይቀመጣል። ለልጆቹ የሚቀመጥ የለም። ደግሞ «እኔ ላሳድግ» ብሎ የሚቀድመው ብዙ ጊዜ ዓይኑ መሬቱ ላይ ያረፈው ነው፤ እንተዋወቃለን።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን የወላጆቹን ወይም በሕግ የሚያሳድጉትን ሰዎች እንክብካቤ የማግኘት፣ ጉልበቱም እንዳይበዘበዝ የመጠበቅ መብት አለው ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። ግን የቤት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፤ «የዘመድ ልጅ» ከተባለችማ ጭራሽ ሠራተኛ ናት የሚላትም የለም። ከእናንተ በቀር ማን ያያታል?

ጊዜው ከፍቷል፣ በጦርነቱ ትምህርት ቤት ተዘግቷል ትላላችሁ። እውነት ነው። ይህ ግን ልጅን ዓይን ጨፍኖ ለመስጠት ምክንያት አይሆንም። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚሉት ነገርም ይብቃን።

የምትማርበትን ትምህርት ቤት ስም ጠይቁ። ደብተሯን በፎቶ ያሳዩዋችሁ። ብቻዋን አነጋግሯት። ለክረምት መጥታ እንድትታይ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ፤ አክስት ሰበብ ካበዛች ተሳፍራችሁ ሄዳችሁ አምጧት።