ትንፋሽ የሚቆጥር ቴክኒሻን

የድንገተኛ ክፍል ቴክኒሻን “እንዴት ልደግ?” ብሎ ሲጠይቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ ሥልጠና ውሰድ፣ ሰርተፍኬት ሰብስብ። ክፋት የለውም። እኔ ግን እድገቱ ያለው ሁሉም ሰው “ቀላል ነው” ብሎ በሚያልፈው የየቀኑ ሥራ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ትንፋሽን እንውሰድ። አንድ ታማሚ እየባሰበት መሆኑን ቀድመው ከሚናገሩ ምልክቶች አንዱ ነው። በደንብ ለመቁጠር ሙሉ ደቂቃ ይፈልጋል። ክፍሉ ሲጨናነቅ ግን መጀመሪያ የሚዘለለው እሱ ነው። መዝገቡን ብታገላብጡት ታማሚው ሁሉ በደቂቃ 18 ወይም 20 ጊዜ ይተነፍሳል! አንዳንዱ እውነት ይሆናል፤ የቀረው ግን በግምት የተሞላ ነው። ቆሞ ቆጥሮ፣ 28 ሲያገኝ ነርሷን “እስቲ ይህን ሰው ቶሎ እይልኝ” የሚላት ቴክኒሻን ለእኔ በሙያው አድጓል። ሰርተፍኬቱን በኋላ ይደርስበታል።

የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ የሚያሳየው ምርመራ፣ ኢሲጂም፣ እንደዚያው ነው። ደረቱን ያመመው ሰው በመጣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂው ተነስቶ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ስለ ፍጥነቱ ሁሉም ያወራል። ስለ ቦታውስ? የመጀመሪያዎቹ ሁለት የደረት ኤሌክትሮዶች በአራተኛው የጎድን አጥንቶች ክፍተት፣ ከደረት አጥንቱ ቀኝና ግራ ነው የሚለጠፉት። ብዙ ጊዜ ግን ወደ ላይ ከፍ ይደረጋሉ። ያኔ ወረቀቱ የሌለ የልብ ችግር ሊያሳይ ይችላል። ጠባብ ካፍ (ክንድ ላይ የሚጠቀለለው የደም ግፊት መለኪያ ክፍል) በወፍራም ክንድ ላይ ሲታሰርም ግፊቱ ከእውነተኛው በላይ ይወጣል። በማሽኑ ማሳበብ አያዋጣም።

ጣቴን ቴክኒሻኑ ላይ ብቻ ብቀስር ግን ግፍ ነው። ያ ታማሚ ወደ ዋርድ ከወጣ በኋላ ምን ሆነ? የሚነግረው የለም። ልቡ የቆመን ሰው ለማዳን ደረት ሲጫን የቆየው እሱ ነው፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች። ሲያልቅ ሐኪሞችና ነርሶች ቆመው ሲወያዩ፣ እሱ አልጋ እየጠረገ ነው። ደረት የሚጫነው ሰው በየሁለት ደቂቃው ተቀይሮ እንደሆነ፣ እጅ ለምን ያህል ጊዜ ከደረት ላይ እንደተነሳ ማን ይንገረው?

የክፍሉ ኃላፊዎች ለዚህ በጀት አያስፈልጋቸውም። ውይይቱ ሲጀመር ቴክኒሻኑን ይጥሩት፤ አልጋው አምስት ደቂቃ ይቆይ።