ለፓሪስ ብቻ አትስጡት

ስለ ፈረንሳይኛ ያወጣችሁት ጽሑፍ ደስ ይላል፤ ግን «መደበኛው ፈረንሳይኛ የፓሪሱ ነው፣ የተቀረው ከሱ ያፈነገጠ ነው» የሚለው አልተዋጠልኝም። እስቲ ቁጥሩን ብቻ እንይ። ፓሪስ ላይ 97 ለማለት «አራት ሃያ አስር ሰባት» ይባላል (አራት ጊዜ ሃያ፣ ሲደመር አስር፣ ሲደመር ሰባት)። ቤልጂየምና ስዊዘርላንድ ግን 90 «ኖናንት» የሚል የራሱ ስም አለው፤ ሰባትን መጨመር ብቻ ነው። 70ም «ሴፕታንት» ነው። ታዲያ ያፈነገጠው ማን ነው? የኮንጎዋ ኪንሻሳም በቤልጂየም ስለተገዛች በዚሁ ትቆጥራለች። (ቤልጂየም ራሷ 80 ላይ ስትደርስ ተመልሳ «አራት ሃያ» ትላለች፤ እዚህ ላይ ሎጂክ አትፈልጉ።)

ፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ የካናዳ ግዛት ኩቤክ ውስጥ ደግሞ «ዴዥኔ» ቁርስ፣ «ዲኔ» ምሳ፣ «ሱፔ» እራት ነው። ፓሪስ ላይ «ዴዥኔ» ምሳ፣ «ዲኔ» እራት ሆነዋል። የኩቤኳ ከተማ የሞንትሪያል ሰው «ዴዥኔ» ብሎ የጠራው ፓሪሳዊ እኩለ ቀን ላይ ከች ቢል ገበታው ተነስቶ ይጠብቀዋል! የድሮውን አጠራር የያዘው ኩቤክ ነው፣ የቀየረችው ፓሪስ ናት። የመንገድ ምልክቱስ? ፈረንሳይ ውስጥ በእንግሊዝኛው «ስቶፕ» ተብሎ ይጻፋል፣ ኩቤክ ውስጥ በፈረንሳይኛው «አሬ» (ቁም)። በ1977 እ.ኤ.አ. ሕግ 101 የሚባለውን የፈረንሳይኛ ቋንቋ ሕግ አውጥተው ቋንቋቸውን ያጠበቁ ሰዎች «ተበላሸባቸው» ሲባሉ ያስቃል።

የአይቮሪኮስቷን ከተማ አቢጃንን በአንድ መስመር ማለፋችሁ ግን ከሁሉም በላይ ቅር አሰኝቶኛል። የመንገድ ልጆች ፈረንሳይኛን ከጁላ፣ ከባውሌና ከሌሎች የአገሩ ቋንቋዎች ጋር ቀላቅለው «ኑሺ»ን ፈጠሩ። ዛሬ የፓሪስ ወጣት መጨፈር መዝናናት ሲያምረው «ሳንዣዬ» የሚለው ከነሱ ወስዶ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ከአቢጃን ብትጀምሩስ?